ያልተጠጣበት ኩባያ

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከሰዓት በኋላ፣ ከቤት

ለድንቡሼ ልጄ፤

አባትሽ ያንን ቋሚ ሥራ የተወው ነፃነቱን ወዶ አይደለም። ያስተውኩት እኔ ነኝ፤ በቅናት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁን ቁጭ በይ። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ቁጭ በይ፤ አክስትሽ አጠገብሽ ካለች ደግሞ ወደ ክፍልሽ ግቢና ቁጭ በይ። በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው። ስደውል ስልክሽ ሁልጊዜ ሳሎን ነው፤ አክስትሽ ታነሳዋለች፤ «ሚሚ፣ እናትሽ ናት!» ብላ ትጣራለች፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠውና ሦስታችን እናወራለን። አንቺ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ስትይ እሷ ቀድማ «ደህና ናት፣ ድምጿ ደህና ነው» ትልሻለች። ሚሚ ደግሞ ማን ናት? እኔ የወለድኩት ድንቡሼን ነው። ጉንጭሽን አይቶ አባትሽ ነው ያወጣልሽ። አሁን እንደቀጠንሽ በላክሽልኝ ፎቶ አይቻለሁ፤ ስሙ ግን አልቀጠነም።

መልእክትሽ ረቡዕ ደረሰኝ። የውሃ አገልግሎቱ ቢሮ ኮሪደር ላይ ወለል እየወለወልኩ ነበር። «እማዬ፣ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች መልሴን የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ቋሚው እዚያ አንቺ ጋ ነው፤ ኮንትራቱ እዚህ። አክስቴ ኮንትራቱን ያዢ ትላለች። እኔም ወደዚያው ሳላደላ አልቀርም፤ አባዬም እኮ ቋሚውን ትቶ ኮንትራት ነው የመረጠው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አባዬም እኮ» የምትለዋ ላይ ስደርስ መወልወያው ከእጄ ወደቀ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ አልወደቀም። ወለሉን ጨረስኩ፣ ባልዲውን ደፋሁ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። አክስትሽን ስንት ጊዜ እንዳነሳሻትም ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን በዛብኝ።

ደስታዬን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳይረሳ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ይዘሽ ስትዞሪ ስንቴ እንዳለቀስሽ አውቃለሁ፤ በስልክ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብትይኝም። እዚህም ያው ነው። አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሲለጠፍ የተመራቂው ሰልፍ የቢሮውን አጥር ይዞራል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመው የሚያነቡትን ልጆች እያየሁ በልቤ እናቶቻቸውን እቆጥራለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንቺ ሁለት ሥራ አግኝተሽ ለመምረጥ መቸገርሽን ለሰው ባወራ አበደች ይሉኛል ብዬ አፌን ይዤአለሁ። ትንሽ ግን አውርቻለሁ። ለዘበኛው ብቻ።

ቋሚው ሥራ ያለበትን ክፍልም አውቀዋለሁ። ላቦራቶሪውን የማጸዳው እኔ ነኝ። አንቺ የምትቀመጪበት ወንበር መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። የቀኝ መደገፊያው ቆዳ ተልጧል፤ ከአንቺ በፊት የነበሩት ሴትዮ ክርናቸውን ሲያሳርፉበት የኖሩበት ነው። በጡረታ የተሰናበቱ ዕለት መስኮቱን ዘግተው፣ ከፍተው፣ እንደገና ዘግተው ነው የወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ወንበር እንደ ራሴ ዕቃ ነው የምወለውለው። ማስታወቂያው ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁትም እኔ ነኝ፤ ሙጫው ሳይደርቅ።

ስለዚህ ምን እንደምፈልግ ታውቂያለሽ። አንቺ እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው የምፈልገው። ሰማያዊ ባጅ አንገትሽ ላይ አድርገሽ። ቢሯችን ውስጥ ቋሚው ሰማያዊ ነው የሚያንጠለጥለው፤ እኛ የኤጀንሲ ኮንትራቶች ቢጫ ነው። ስማችንም «ኮንትራቶች» ነው፤ «ኮንትራቶች መጥተዋል?»፣ «ይሄን ለኮንትራቶች ንገሯቸው።» ውል ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን። ጉንፋን የያዛት ሳሏን ትውጣለች። እግሯ ያበጠ ባልደረባዬ እግሯን ከባልዲው ኋላ ትደብቃለች። ውሉ ከታደሰ በኋላ ለሳምንት ያህል እንስቃለን፣ ከዚያ ደግሞ ይጀምራል። በሰማያዊዎቹ እቀናለሁ፣ ልጄ። አሞኛል ብለው መቅረታቸው ብቻ አይደለም የሚያስቀናኝ። አሞኛል ማለት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አለማወቃቸው ያስቀናኛል።

እንግዲህ ይህን ብቻ ብጽፍልሽ ጥሩ ምክር ይሆን ነበር። እውነትም ነው። ግን ያልኩሽ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ምክንያቴ ሌላ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ወረቀት አወጣሁና «ጉልበቴ አላራምድ ብሎኛል፤ ብቻዬን መሆኔ ከብዶኛል፤ ብትመጪልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቴ ምንም አላለኝም። ደረጃ ከልጃገረድ እኩል ነው የምወጣው። ያንን ወረቀት ቀደድኩና በሌላ ወረቀት ስለ ካፖርቱ ጀመርኩ። አክስትሽ የገዛችልሽን ካፖርት ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ቀለሙ አያምርብሽም ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ቀደድኩት፣ ያምርብሻልና። ያኔ ነው ራሴን ያገኘሁት። የሚያስጽፈኝ የጡረታ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ያቺ አክስትሽ ጠዋት ስትነሺ የምታይሽ፣ ስትገቢ «በላሽ?» የምትልሽ፣ ስትታመሚ ግንባርሽን የምትዳስስሽ መሆኗ ነው። ቋሚውን ያዢ የምልሽ ከእሷ ነጥቄ ልወስድሽ ነው። ይህንን ስሜት ደግሞ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ታዝዤው ያደረገኝን አውቃለሁ።

አክስትሽ የምታወራውን ታሪክ በልጅነትሽ ጭኗ ላይ ተቀምጠሽ ሰምተሻል። «ወንድሜ ለማንም አንገቱን ያልደፋ ሰው ነበር! ቋሚ ሁንልን ብለው ሲለምኑት ጥሏቸው ወጣ!» እጇንም እንዲህ ታወናጭፋለች። እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማታለሁ። ያ ታሪክ ውስጥ ባል አለ፣ አለቃ አለ፤ ሚስት የለችም። ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ስንት ዓመት እዚያ ውስጥ አለመኖሬ ጠቅሞኛል፤ ስንት ዓመትም እዚያ ውስጥ ባለመኖሬ ቀንቻለሁ። አክስትሽ የምታወራው ሰው የእኔ ባል አይደለም። የእኔ ባል ወለሌን እንዳያቆሽሽብኝ ጫማው እስኪደርቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። አንገቱንማ ደፍቷል። ለእኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺን እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴ ገፍቷል። አባትሽ ማተሚያ ቤት ማሽኒስት ነበር፤ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት። ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በሁለት እጁ ጠርዙን ይዞ ወደ አራሚዋ ክፍል ይወስዳል። አራሚዋ የሚታተመውን ሁሉ ከሰው ሁሉ በፊት የምታነብና ስህተቱን በቀይ እርሳስ የምታወጣ ሴት ነበረች። እሷ «ይሂድ» ካላለች ማሽኑ አይነሳም።

ማታ ሲመጣ ወሬው እሷ ናት። «አራሚዋ ዛሬ ምን ብትል ጥሩ ነው?» ይላል። አንድ የተሳሳተ ቃል ላይ የተናገረችውን ቀልድ ይነግረኛል። ቀልዱን ለመረዳት ፊደል ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ያኔ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም። እስቃለሁ፤ ግን የምስቀው ከእሱ ኋላ ነው። መሳቁን አይቼ።

ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ከደጅ አይቻታለሁ፤ ከእኔም ከእሱም በዕድሜ ትልቅ፣ መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ የተንሻፈፈ ሴት ናት። በመልክ ቢሆን መስታወት ፊት ቆሜ እወዳደራት ነበር። በቃላት በምን ልወዳደራት?

አንድ አርብ ምሳውን ረስቶ ሄደ። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ሠራተኛው ለምሳ ወጥቶ ነበር፤ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ የሥራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ላንኳኳ ስል አየኋቸው። አራሚዋ በርጩማ ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ ሚስማር ትመታለች፤ አባትሽ በርጩማውን በሁለት እጁ ደግፎላታል። ወረደችና ከቦርሳዋ ኩባያ አወጣች። ነጭ፣ አፉ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ያለው የብረት ኩባያ። ሰጠችው። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ አገላብጦ አየው፣ የሆነ ነገር አላት፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እንደዚያ ሲስቅ ቤታችን ውስጥ አይቼው አላውቅም።

አልገባሁም። ምሳውን ይዤ ተመለስኩና መንገድ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ራሴ በላሁት። አዎ፣ በላሁት። እርጉዝ ነበርኩ፣ ተናድጄም ነበር፣ ምግቡም ጥሩ ነበር።

ማታ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ዛሬ ምን ላብስርሽ?» አለኝ። «ቋሚ ሊያደርጉኝ ነው! ደብዳቤው ሰኞ ይፈረማል። ጡረታ አለው፣ ሕክምና አለው፤ ስትወልጂ እንኳ ፈቃድ ይሰጡኛል!»

«እሷስ ቋሚ ናት?»

«ማን?»

«አራሚዋ።»

«እሷማ ከሁላችንም በፊት ነው። ምነው?»

«እንግዲያው እስከ ጡረታ አብራችሁ ናችኋ።»

ሳቀ። ያ ሳቅ ጨረሰኝ።

«ኮንትራት ያልቃል» አልኩት። «እስከ ዛሬ የቻልኩት ያልቃል ብዬ ነው። ይሄኛው ግን አያልቅም።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው? ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? በሰው ሚስት፣ በልጆች እናት ልትጠረጥሪኝ ነው?»

«ሰኞ ከፈረምክ ማክሰኞ እዚህ ቤት አታገኘኝም። ሆዴንም ይዤው ነው የምሄደው።»

ስለ ኩባያው አልተነፈስኩም። በር ሥር ቆሜ እንዳየሁ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም፤ ኩራት ነበረብኝ። ብጠይቀው በአንድ ትንፋሽ ያስረዳኝ ነበር፤ ይህንን ያወቅኩት ግን ገና ባለፈው ወር ነው፤ እደርስበታለሁ። አባትሽ ሆዴን አየው። ከዚያ ወደ ደጃፉ ተመለሰና ጫማውን አወለቀ። ሰኞ አልፈረመም።

አክስትሽ ሰምታ እየበረረች መጣች። «ምን ነክቶህ ነው? ሰው ይህን አጥቶ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት!» አለችው። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ሻዩ ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አባትሽ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እትዬ፣ እኔ መታሰር አልወድም። ነፃ ሰው ነኝ» አላት። ወደ እኔ ያላየው ካየኝ እንደምጋለጥ ስላወቀ ነው። አክስትሽ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ኮራችበት። አንቺ የወረስሽው ያንን ነው፤ ለእኔ ሲል የዋሻትን አንድ ዓረፍተ ነገር።

ከዚያ በኋላ ከአንዱ ማተሚያ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሠራ። ስለ አራሚ የሚያወራው ነገር አልነበረውም፤ ስለማንም የሚያወራው አልነበረውም። እኔ ደግሞ ማንበብ ተማርኩ። ለምን መሰለሽ? ያሳቃቸው ምን እንደነበር ለማወቅ ነው። መደርደሪያ እንዳለብስበት ከሚያመጣልኝ የተበላሹ ወረቀቶች ላይ፣ አንቺን እያጠባሁ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ተማርኩ። ማንበብ ስችል ለካ እሱ መሳቅ ትቷል።

አባትሽ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ፤ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ያላወቅሽው ትኩሳቱ የጀመረው ከመተኛቱ ብዙ ቀን በፊት መሆኑን ነው። «ዛሬ እንኳ ተኛ» አልኩት። «ውሉ ሊታደስ ነው፣ አሁን አይተኛም» አለኝ። ሳንባው ሲታፈን ማሽኑ ፊት ቆሞ ነበር። ቋሚ ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር የሚል ሐኪም የለም። ቋሚ ቢሆን ኖሮ ይተኛ ነበር። ይህንን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ኩባያው ልመለስ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እንደምሄድ ታውቂያለሽ። ለማን እንደማነብ ግን አልነገርኩሽም። ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ጋዜጣውን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ሲታገሉ አየሁ። መምጣቴን ሰምተው፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺን ርዕስ ብቻ ታነቢልኛለሽ? ዓይኔ ከእኔ በኋላ ጡረታ ወጥቶብኛል» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «እዚያ ጋ ተንፍሺ እንጂ! ነጠላ ሰረዙን ለጌጥ አይደለም ያስቀመጠልሽ» ብለው አረሙኝ። ቀና ስል መነጽሩ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አራሚዋ ነበሩ።

ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። የቀረሁት በደግነት አይደለም፤ ምን እንዳላት ልይ ብዬ ነው። ስንት ዓመት በሆዴ «ያቺ ሴትዮ» የምላትን ሰው አፍ ለአፍ «እርስዎ» እያልኩ በየቅዳሜው አነብላቸው ጀመር። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም፤ «ባሌ ሞቷል» ብቻ አልኩ። ልጄ፣ ያናደደኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ይጥማሉ። ጋዜጣው የጻፈውን የባለሥልጣን ንግግር ሳነብላቸው መሃል ላይ ያቋርጡኝና፣ «ይሄ ዓረፍተ ነገር ተሳፍሮ የት ሊወርድ እንደሆነ ለሹፌሩም አልነገረው» ይላሉ። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሁለታችንም ሳቅን፤ ቤተ መጻሕፍቱ «እሽሽ» አለን። ከእሳቸው ኋላ አልሳቅኩም። እኩል ነው የሳቅኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በእሱ ቀናሁ። እንዲህ ሲያስቁት ነው ለካ የኖሩት።

ባለፈው ወር ጋዜጣው ስለ ሥራ አጥነት ጽፎ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ እንዲህ አሉ፦

«እኛ ማተሚያ ቤት ኮንትራቶቹ ከአንድ የጋራ ጣሳ ነበር የሚጠጡት። አንዱ ቋሚ ሊሆን ሲል፣ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት፣ ከሁላችን ብዙ የቆየው ሰው የራሱን ኩባያ ገዝቶለት፣ ሚስማር መትቶ ይሰቅልለታል። የክፍሉ ልማድ ነበር። ብዙ የቆየሁት እኔ ስለነበርኩ ስንቱን ሰቀልኩ መሰለሽ! አንዷ ብቻ ሳይጠጣባት ቀረች። የአንድ ማሽኒስት ነበረች። ኩባያዋን ስሰጠው ‹ይቺንማ መጀመሪያ ባለቤቴ ናት የምትጠጣባት፤ እሷ ካልቀመሰችልኝ አልነካትም› ብሎ አሳቀኝ። በሚስቱ ነገር ስቀልድበት ደስ ይለው ነበር። አርብ ነው ይሄ። ሰኞ መጥቶ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ።»

ጋዜጣውን እያጣጠፍኩ ነበር። አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ እንደገና አጠፍኩት።

«ለምን ሄደ?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ! እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ቀልድ አብዝቼበት ይሆናል እላለሁ፤ ሰው በቀልድም ይከፋል። ኩባያዋን ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ይዣት ወጣሁ። አልጠጣባትም፤ የሰው ናት።»

እኔስ ምን አልኩ? «ቀጣዩን ገጽ ላንብብልዎት?» አልኩ። አነበብኩላቸውም፤ ነጠላ ሰረዙን ሁሉ ሳልስት።

ያ ሳቅ እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ሙሉ ዕድሜዬን የቀናሁበት ሳቅ ስለ እኔ ነበር። እሳቸው ደግሞ ያንን ሁሉ ዘመን «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያሉ የአንድ ኩባያ አቧራ እያራገፉ ኖረዋል።

እንግዲህ ምርጫሽ። አባትሽን ተከትለሽ ኮንትራቱን ልትይዢ ነው። አባትሽ ግን አልመረጠም። የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ለእሱም ሳይሆን ለቅናቴ። በእሱ ስም ኮንትራቱን ብትይዢ፣ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ መረጥኩ ማለት ነው። እኔ ስለፈለግኩ ቋሚውን ብትይዢም ያው ነው፤ ከአክስትሽ ልነጥቅሽ መረጥኩ ማለት ነው። ስለዚህ እኛን ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጪና ሥራዎቹን ብቻቸውን እያቸው።

የዚያኛው መሥሪያ ቤት አለቃሽ የምትሆነዋ መሐንዲስ ስትናገር ማስታወሻ መያዝ እንደሚያምርሽ ነግረሽኛል። የውሃ ማጣሪያ ከመሬቱ ጀምሮ ሲሠራ ማየት፣ ከቦታ ቦታ መዞር፤ ይህ ሁሉ መደገፊያው የተላጠው ወንበር ላይ የለም። ብዋሽሽ እወድ ነበር፤ ግን የለም። እዚህ የሚመጣልሽ ያው ውሃ ነው፤ ጠዋትም ማታም ከአንድ ቧንቧ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ኮንትራቱን ከመፈረምሽ በፊት «ብታመም ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያም ካለፈው ዓመት ኮንትራቶች ውስጥ የታደሰለት ማን እንደሆነ ጠይቂ። ፊታቸውን አጥቁረው ከመለሱልሽ መልሱ እሱ ነው። እዚህም ያለውን ጠይቂ፤ ከሙከራው ጊዜ በኋላ ለማደግ ምን እንዳለ። በጥያቄ የሚከፋ ቀጣሪ ሲያምሽ ምን እንደሚልሽ አስቢው።

ቋሚውን ያዢ ማለት እፈልጋለሁ። አልልም። እንዳልኩት ግን ቁጠሪው።

ኮንትራቱን ብትይዢ ግድግዳውን ቀለም ቀብቼ ያዘጋጀሁልሽን ክፍል መጽሐፍ እሞላዋለሁ እንጂ አላኮርፍም። ትንሽ አኮርፋለሁ። ከዚያ ይወጣልኛል።

ይህን ለአክስትሽ ታነቢላት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ወንድሟ ነው፤ የዋሻት ለእኔ ሲል እንደሆነ ማወቅ የሚገባት ይመስለኛል። እኔ በቃሌ ብነግራት አሁንም ሻዩን አፈስሰው ነበር። ስትታመሚ ግንባርሽን ስለዳሰሰችልኝ አመሰግናታለሁ በያት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ካፖርቱም ያምርብሻል።

እግርሽ በሄደበት ሁሉ ሰላም ይቅደምልሽ። እጅሽ የያዘው ይባረክ። ሲደክምሽ የምትተኚበት፣ ሲያምሽ የማትደብቂበት ሥራ ይስጥሽ። የሚስቅልሽ እንጂ የሚቀናብሽ አይግጠምሽ፤ ከቀናብሽም ጠይቆ የሚቀና ይሁን።

እናትሽ

ይህ ደብዳቤ ሰኞ ፖስታ ቤት ይገባል፤ የነገው ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ። መዘግየቱ ምክንያት አለው። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ይዤው እሄዳለሁ። ጋዜጣውን አስቀምጬ ይህንን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ድምፄን አሰምቼ አነበዋለሁ፤ መተንፈስ ያለብኝ ቦታ ላይ እየተነፈስኩ። ኩባያዋን ይሰጡኝ ይሆናል፤ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ይሆናል። ስህተት ካለበትም ያርሙት። እነዚህን ገጾች ከአንቺ በፊት የሚቀበሉት አራሚዋ ናቸው።